ከቀፎው በፊት ግራዋው፦ ንብ መርዳትና የራስን አእምሮ መጠበቅ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጅማ፣ ጅረን አካባቢ ነው። እናቴን ለሁለት ዓመት አስታምሜ ባለፈው ኅዳር አጣኋት። ለማስታመም ብዬ ሥራዬን ትቼ ስለነበር አሁን ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬን እከፍታለሁ፤ ንቦች እየጠፉ እንደሆነ፣ እነሱ ካለቁም የሰው ልጅ በረሃብ እንደሚያልቅ የሚናገር ነገር ይመጣብኛል፤ ያን ጊዜ ጭራሽ ልቤ አይረጋም። እውነትም በግቢያችን ቡና ላይ እንደ ድሮው ንብ አይታይም። ወንድሜ ‹አንድ ቀፎ ግዢ፤ ንቦቹንም ትረጃለሽ፣ አንቺም ሐሳብ ትረሻለሽ› ይለኛል። ቀፎ ልግዛ? በእርግጥስ ለአእምሮ ይጠቅማል?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣ ስለ እናትዎ ፈጣሪ ያጽናዎ። ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብሁት፤ ስለ ቀፎ የተጠየቀ ቢመስልም ውስጡ ያለው ነገር ከቀፎ የሰፋ ስለሆነ ምላሼ ረዘም ቢል ይታገሡኝ። አጭሩን ላስቀድም፦ ቀፎውን ለጊዜው አይግዙ። የወንድምዎ ሐሳብ ግን ግማሹ ትክክል ነው። ንቦችን መርዳት ይችላሉ፤ በዚያው ሥራ ራስዎንም መርዳት ይችላሉ፤ ነገር ግን የሚጀመረው ከቀፎ ሳይሆን ከግቢዎ አፈር፣ ከአንድ ሳህን ውሃና ከጠዋቱ ሰዓት ነው።

እኔ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነኝ፤ የምሠራው እዚሁ ጅማ ሲሆን ያደግሁት ግን ጌራ ውስጥ፣ ከግንድ የተፈለፈለ ቀፎ ረጅም ዛፍ ላይ በሚሰቅል አባት ቤት ነው። በልጅነቴ ከቀፎ ሥር፣ በጎልማሳነቴ ደግሞ ልባቸው ከከበደባቸው ሰዎች ፊት ለፊት ብዙ ስለተቀመጥሁ፣ ጥያቄዎ በሁለቱም በኩል ደርሶኛል።

በእርስዎ ላይ የደረሰውን እንዲህ አየዋለሁ። ሰው ሕመምተኛ ሲያስታምም ቀኑ የሚለካው በሌላ ሰው አካል ነው፤ መድኃኒት የሚዋጥበት፣ ገላ የሚታጠብበት፣ ሾርባ የሚቀመስበት፣ ጎን የሚገላበጥበት ሰዓት አለ። ሕመምተኛው ሲያርፍ እድሩና ዘመድ አዝማዱ ለጥቂት ሳምንታት ቤቱን ይሞሉታል፤ ድንኳኑ ተነሥቶ ሰው ሲበተን ግን አስታማሚው ከሚወደው ሰው ጋር የቀኑን ሥርዓትም አጥቶ ይቀራል። ሌሊት እጅ በለመደው ሰዓት መድኃኒት ሊሰጥ ይነሣል፤ የሚቀበለው የለም፤ ስለዚህ ስልክ ያነሣል። ይህ የእርስዎ ድክመት አይደለም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊት እንዲነቃ የሠለጠነ አካል በአንድ ጊዜ መተኛት አያውቅበትም። ወንድምዎ «ሐሳብ ትረሻለሽ» ሲሉ የሚያስፈልግዎ መርሳት ነው ብለው ነው፤ እኔ ግን የሚያስፈልግዎ መርሳቱ ሳይሆን የጠፋው ሰዓት በሌላ መልክ መመለሱ ይመስለኛል።

ከሌሊቱ ፍርሃት ልጀምር። በስልክዎ የሚመጣው ነገር እውነት አለበት፤ እውነቱ ግን ተጋንኗል። በዓለም ላይ በዋናነት ከሚመረቱት የምግብ ሰብል ዓይነቶች ሦስት አራተኛ የሚሆኑት አበባቸውን ነፍሳትና ሌሎች እንስሳት ሲጎበኙት በተለያየ መጠን ይጠቀማሉ። በምርት መጠን ሲሰላ ግን የእነዚህ ሰብሎች ድርሻ 35 ከመቶ ገደማ ነው፤ ከእነሱም አብዛኞቹ ንብ ባይኖር ምርታቸው ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይቋረጥም። ጤፍ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ በቆሎን የሚያዳቅለው ነፋስ ነው፤ እንሰትም የሚባዛው ከሥሩ በሚወጣ ቡቃያ ነው። «ንብ ከጠፋች የሰው ልጅ የሚቀረው አራት ዓመት ነው» የሚለውና በአልበርት አንስታይን ስም የሚዞረው ቃልም እርሱ ስለመናገሩ ማስረጃ ያልተገኘለት ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ስለ ዓለም ረሃብ ነቅተው ማደር የለብዎትም።

ይህን ስል ግን ነገሩ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ንብ ስትቀንስ የምናጣው እንጀራውን ሳይሆን ከእንጀራው ጋር የሚቀርበውን ነው፤ ዱባውን፣ ኑጉን፣ አቮካዶውን፣ ማንጎውን፣ ማሩን፣ ልጅ በጤና የሚያድግበትን ፍራፍሬ ነው። ለእኛ ለጅማዎች ደግሞ ቡናው አለ። የእኛ ቡና፣ ማለትም አረቢካ፣ ራሱን ማዳቀል የሚችል ተክል ነው፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2002 ከፓናማ የወጣ ጥናት ንብ የጎበኘው የቡና ዛፍ ምርት ከ50 ከመቶ በላይ እንደጨመረ አሳይቷል። ውለታው ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በቡና አበባ ወለላ ውስጥ ያለው ጥቂት ካፌይን ንቧ የአበባውን ሽታ ይበልጥ እንድታስታውስ እንደሚያደርጋት አመልክቷል። ይህን ባነበብሁ ቀን ለአባቴ ደውዬ ነገርሁት፤ «ንብም የጅማ ሰው ናትና!» አለኝ።

በግቢዎ ቡና ላይ ንብ አለማየትዎን በተመለከተ ለመደምደም አይቸኩሉ። ቡና በየካቲትና በመጋቢት የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው በአንድ ጊዜ ነጭ ለብሶ በሁለት በሦስት ቀን ይረግፋል፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ደግሞ እነዚያን ሁለት ቀናት ሳያያቸው ሊያልፉ ይችላሉ። ንብ የምትሠራው በፀሐይ ስለሆነ አበባው በዝናባማ ቀናት ከፈነዳ ጎብኚው ያንሳል። በሌላ በኩል እውነተኛ ምክንያትም ሊኖር ይችላል፤ በዙሪያዎ ያሉ ዛፎች ተቆርጠው ይሆናል፤ ወይም ከጎረቤት አንዱ ፀረ አረም መርጨት ጀምሮ ይሆናል። ሠራተኛ ንብ ምግብ ፍለጋ ከቀፎዋ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር መብረር አይከብዳትም፤ ስለዚህ የእርስዎ ግቢ የብቻው አይደለም፤ በጅረን ኮረብታና በዙሪያው የተሰቀሉ ቀፎዎች ሁሉ የሚያልፉበት ማረፊያ ነው።

አሁን ወደ ቀፎው ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጡረታ ወጥቶ ድብርት የያዘው አንድ ሰው ወደ እኔ ይመጣ ነበር፤ ታሪኩን ስሙን ሳልጠራ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል። «አንድ የሚይዙት ነገር ይኑርዎት» ብዬ ቀፎ እንዲገዛ ያበረታታሁት እኔ ነኝ፤ ምክሬም የተሳሳተ ነበር። ንቦቹ ቀፎ ውስጥ የገቡት በሰኔ መጨረሻ ነው። ክረምቱ ከበደ፣ አበባ ጠፋ፣ ጉንዳን በቀፎው እግር መውጣት ጀመረ፤ ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት ሲከፍተው ቀፎው ባዶ ነበር፤ ንቦቹ ጥለው ኮብልለዋል። ወደ እኔ መጥቶ ያለኝ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፦ «ንብ እንኳ ከእኔ ጋር መኖር እምቢ አለኝ።» ንብ ግን የምትኮበልለው ርቧት፣ እርጥበት ወይም ጉንዳን አስቸግሯት እንጂ ሰውን ንቃ አይደለም። እርሱም ይህን በደህና ጊዜው ያውቀዋል፤ የተደበተ አእምሮ ግን የሆነውን ሁሉ በራሱ ላይ እንደተፈረደ ፍርድ አድርጎ ያነበዋል። ከዚያ ወዲህ በሐዘን ወይም በድብርት መካከል ላለ ሰው ሊሞትበት ወይም ሊጠፋበት የሚችል ነገር በመጀመሪያው ወር እንዲይዝ አልመክርም።

ለንቦቹም ቢሆን ቀፎ መጨመር ሁልጊዜ እርዳታ አይደለም። አበባ በሌለበት ቀፎ መጨመር ምግብ በሌለበት ቤት አፍ መጨመር ነው፤ አዲሶቹ ንቦች በአካባቢው ካሉት ዱር አደር ንቦች ጋር ይሻማሉ። ደግሞ የእኛ አገር ንብ ቤቷን አጥብቃ የምትጠብቅ ናት፤ ልጆች በሚሮጡበት፣ በግ በሚታሰርበት ጠባብ የከተማ ግቢ ውስጥ የአንድ ቀን ስህተት ከጎረቤት ሊያጣላ፣ ከዚያም ብሶ ሰው ሊጎዳ ይችላል። አንዲት ንብ ስትናደፍ የምትለቀው የማስጠንቀቂያ ሽታ ሌሎቹን ይጠራል፤ ሽታው ልክ እንደ በሰለ ሙዝ ነው፤ አባቴ «ሙዝ ከሸተተህ ሳትሮጥ ዘወር በል» ይለን ነበር።

ታዲያ ምን ይደረግ? እንደኔ ግራዋ ይተክላሉ። ኦሮምኛ ተናጋሪ ጎረቤቶችዎ ኤቢቻ የሚሉት፣ እናቶቻችን በቅጠሉ የጠላ ጋን የሚያጥቡበት ያው መራራው ግራዋ ነው። ዝናብ ሲይዝ ክንድ የሚያህል ቅርንጫፍ ቆርጠው አፈር ውስጥ ቢሰኩት ይይዛል፤ ብዙ እንክብካቤ አይሻም። የሚያብበው ደግሞ በበጋ፣ በታኅሣሥና በጥር አካባቢ፣ ምድሩ ደርቆ ንብ የምትቀስመው ባነሰበት ጊዜ በመሆኑ ዋጋው ትልቅ ነው። ቦታ ካለዎት ዋንዛ ይጨምሩ፤ ለቡናውም ጥላ ይሆናል። ብሳናና ጌተም ለከተማ ግቢ ይገዝፋሉ፤ ነገር ግን በአጥርዎ ወይም በመንገድ ዳር ያለ ብሳና ሊቆረጥ ሲል ካዩ አንድ ቃል መናገር ይችላሉ፤ የጅማ ጫካ ማር ጣዕምና መልክ በአብዛኛው የእነዚህ ዛፎች ውለታ ነው። ለመደቡ በሶብላ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ሱፍና ዱባ ይበቃል። ጎመንዎን ሁሉ ለቅመው አይጨርሱ፤ ሁለት ሦስቱን ወደ አበባ ይልቀቋቸው፤ ያ ቢጫ አበባ ለንብ ድግስ ነው። በመስከረም በአጥር ሥር የሚወጣውን መጭና አደይ አበባም አረም ነው ብለው ከማበቡ በፊት አይጨዱት።

ከአትክልቱ ቀጥሎ ውሃ ነው። ጠፍጣፋ የሸክላ ሳህን ወይም ያረጀ የድስት ክዳን ውስጥ ጠጠር ደርድረው የጠጠሮቹ ራስ እንዲታይ አድርገው ውሃ ይሙሉበት፤ ንብ መዋኘት ስለማትችል ጠጠሩ መቆሚያዋ ነው። ውሃው ትንኝ እንዳያፈራ በየሁለት ቀኑ ይለወጥ። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይሁን፤ ንብ አንድ ጊዜ ካገኘችው እየተመላለሰች ትቀዳለች። ስትጠጣ ጠጋ ብለው ይዩዋት፤ ቀጭኗን ቡናማ ምላስ በእርጥቡ ጠጠር ላይ ታሳርፋለች፤ ሆዷ እንደ ወናፍ ሰብሰብ ዘርጋ ይላል፤ ጠግባ ስትነሣም ከመጣችበት ይልቅ ከበድ ብላ፣ ዝቅ ብላ ትበራለች። ውሃውን የምትወስደው ቀፎው ሲግል ለማቀዝቀዝና የረጋ ማር ለማቅጠን ነው።

ሌላው ያልተነገረለት ነገር ባዶ አፈር ነው። በዓለም ላይ ከ20,000 በላይ የንብ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ቀፎ የላቸውም፤ ብቻቸውን የሚኖሩ ሲሆን ብዙዎቹ ጎጇቸውን መሬት ውስጥ ይቆፍራሉ። የእኛዋ ጣዝማም መናደፊያ የሌላት፣ መሬት ሥር በኅብረት የምትኖር ትንሽ ንብ ናት፤ ለመድኃኒትነት የሚፈለገውን ማሯን ለማውጣት ሰዎች ጎጆዋን ቆፍረው ስለሚያፈርሱት ቤቷን ታጣለች። ግቢዎን በሙሉ በሲሚንቶ አያስለስኑ፤ ፀሐይ የሚያገኘው አንድ ጥግ ሳይቆፈር፣ ሳይረገጥ ይቆይ። የበሰበሰ ግንድ ካለም ከማገዶ ይትረፍ፤ እንጨት የምትበሳው ትልቋ ጥቁር ንብ ልጆቿን የምታሳድገው እዚያ ነው።

ስለ መርጫ መድኃኒት አጥብቄ የምናገረው አለኝ። ጎረቤትዎ የሚረጩ ከሆነ በክስ መንፈስ ሳይሆን በልመና ቋንቋ ያነጋግሯቸው፦ አበባ ላይ እንዳይረጩ፣ የግድ ከሆነም ንቦች ወደ ቀፏቸው ከተመለሱ በኋላ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ወዲህ እንዲሆን፣ ነፋስ ባለበት ሰዓት እንዳይሆን፣ አንድ ቀን ቀደም ብለውም እንዲነግሩዎት። ብዙ ሰው የሚረጨው ሳያውቅ እንጂ ጨክኖ አይደለም። በእርስዎ ቤት ግን የፀረ ተባይ ጠርሙስ ጨርሶ ባይቀመጥ እመርጣለሁ። ይህን የምለው ለንቦቹ ብቻ አይደለም። ልብ በከበደበት ወቅት፣ በተለይ ሌሊት፣ እንዲህ ያለ ነገር በእጅ ርቀት አለመኖሩ የሰው ሕይወት ያተርፋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በየአገሩ የሚመክረው ይህንኑ ነው። አስቀድሞ ካለ ወንድምዎ ወስደው ተቆልፎ በሚቀመጥበት ቦታ፣ ከቤትዎ ርቆ ያስቀምጡት። እርስዎ ስለ መሞት አልጻፉልኝም፤ ነገር ግን «በነቃሁ ባልነቃሁ» የሚል ሐሳብ መጥቶብዎ ከሆነ ዛሬውኑ ለአንድ የሚያምኑት ሰው ይንገሩ፣ ሌሊቱንም ብቻዎን አይደሩ፤ ሐሳቡ ከበረታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ እንደማንኛውም ድንገተኛ ሕመም ነው፤ አያሳፍርም።

አሁን ይህ ሁሉ ለአእምሮዎ ምን እንደሚሠራ ልናገር። በእኛ ሙያ ለድብርት ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ መድኃኒት የሌለበትና ቀላል የሚመስል ነው፤ ሕመምተኛው ስሜቱ እስኪስተካከል ሳይጠብቅ፣ ትንሽና የተወሰነ ሥራ በተወሰነ ሰዓት እንዲሠራ ማድረግ ነው። ሁላችንም «ደስ ሲለኝ እወጣለሁ» እንላለን፤ የተደበተ ሰው ግን ደስታው የሚመጣው ከወጣ በኋላ፣ እሱም ቀስ ብሎ፣ አንዳንዴም ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ ሥራው ትንሽ መሆን አለበት፤ በጣም መጥፎ በሆነ ቀን እንኳ የሚሠራ መሆን አለበት። የሳህን ውሃ መለወጥ እንዲህ ያለ ሥራ ነው። ቢረሱት የሚሞት ነገር የለም፤ ካስታወሱት ግን የሚጠጣ አለ።

ሰዓቱን ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ያድርጉት፤ ሌሊቱን ቢተኙም ባይተኙም በዚያው ሰዓት ይውጡ። የጠዋት ብርሃን ዓይን ውስጥ ሲገባ አካልዎ ማታ መቼ መተኛት እንዳለበት ይማራል፤ በእንቅልፍ እጦት ላይ ካሉን ርካሽና የታመኑ ምክሮች አንዱ ይህ ነው። ቁጭ የሚሉበት በርጩማ ከዱባው አጠገብ ይሁን። ዱባን የመረጥሁት በምክንያት ነው። ዱባ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ያወጣል፤ ሴቴዋን የሚያውቋት ከአበባዋ ሥር አውራ ጣት የማታህል አረንጓዴ ዱባ ተሸክማ ስለምትታይ ነው። አበባዋ ጎሕ ሲቀድ ትከፈትና በዚያው ቀን ሳይመሽ ትከደናለች። በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ንብ ከወንዴው አበባ ዱቄት ተቀብታ መጥታ ካረፈችባት ትንሿ ዱባ ማበጥ ትጀምራለች፤ ካልመጣች ግን በሳምንት ውስጥ ቢጫ ሆና፣ ጫፏ ለስልሶ ትወድቃለች። ንብ ስትወጣ ጀርባዋ በሙሉ ቢጫ ዱቄት ለብሶ፣ አበባው ጠርዝ ላይ ቆማ በፊት እግሮቿ ዓይኗን ስትጠርግ ያያሉ።

ያን ጊዜ ስልክ አይያዙ፤ ፎቶም ለዛሬ ይቅር። ስንት ንብ እንደመጣች ብቻ ይቁጠሩና በደብተር ይጻፉ፤ ቀኑን፣ የሰማዩን ሁኔታና ቁጥሩን። ሐሳብዎ ወደ እናትዎ ከሄደ ይሂድ፤ አይጣሉት፤ ሲመለስ ከቆጠራው ይቀጥሉ። ብዙ ጊዜ የሚመጣውን እንባ የሚያመጣው ይህ ጸጥታ ነው፤ ቢያለቅሱ ሥራው ተበላሸ ማለት አይደለም። ደብተሩ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሌሊት ስልክዎ «ንብ አለቀ» ሲልዎ የራስዎ ግቢ ምን እንደሚል በእጅዎ የተጻፈ ማስረጃ ይኖርዎታል። ምናልባትም ቁጥሩ በእርግጥ እየቀነሰ ይሆናል፤ ያኔም ለወረዳዎ የግብርና ባለሙያ ወይም ለጅማ ዩኒቨርሲቲ ግብርና ኮሌጅ የሚያሳዩት ነገር አለዎት፤ ኮሌጁ ለዘመናት ይህንኑ ምድር ሲያጠና የኖረ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ አትክልት መንከባከብ የጭንቀትና የድብርት ስሜትን እንደሚያቀል ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ነገር ግን የሕመም ሕክምናን አይተካም። ሐዘንና ድብርት ይመሳሰላሉ፣ አንድ ግን አይደሉም። ሐዘን እንደ ማዕበል ይመጣና ይሄዳል፤ የእናትዎን ነጠላ ሲያዩ ይመታዎታል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጎረቤት ባወራችው ነገር ሊስቁ ይችላሉ። ድብርት ግን አይላወስም። ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ፣ ቀኑን አብዛኛውን፣ ስሜትዎ ከወደቀ ወይም የሚወዱት ነገር ሁሉ ጣዕም ካጣብዎ፣ ከዚህም ጋር እንቅልፍዎና ምግብዎ ከተዛባ፣ ጉልበት ከከዳዎ፣ ሐሳብ መሰብሰብ ካቃተዎ፣ «በደንብ ባለማስታመሜ ነው የሞተችው» የሚል ጥፋተኝነት አልለቅ ካለዎ፣ ግራዋውን እየተከሉም ቢሆን ሐኪም ማየት አለብዎት። ከቅርብዎ ጤና ጣቢያ መጀመር ይችላሉ፤ በጅማ ሕክምና ማዕከልም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። የሚታከም ሕመም ነው። ዱዓም ሆነ ጸሎት፣ ጠበልም ሆነ የሽማግሌ ምክር ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መልቀቅ አያስፈልግም።

እንቅልፍን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር፤ ሁለቱም የከተማችን ነገሮች ናቸው። ከቡና ጋር የተጠጣው ካፌይን ግማሹ ከአምስት ሰዓት ያህል በኋላም በደም ውስጥ ይኖራል፤ ስለዚህ የማታውን ቡና ወደ ቀትር ያምጡት። ቡናውን ይተዉ አልልም፤ አቦል ቶና እያሉ ከጎረቤት ጋር መቀመጡ ራሱ መድኃኒት ነውና ሰዓቱ ብቻ ይቀየር። ጫት የሚቅሙ ከሆነ ደግሞ፣ ከምርቃናው በኋላ የሚመጣው መውረድና የሌሊት መንቃት ከሐዘኑ ጋር ተደምሮ ሐዘኑን እጥፍ ያደርገዋል፤ ቢያንስ እንቅልፍዎ እስኪመለስ ይታቀቡ። ስልኩም ማታ ሳሎን ይደር።

አንድ ቀን መንጋ መጥቶ ከዛፍዎ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ዘለላ ቢንጠለጠል አይደንግጡ፤ ውሃም ሆነ እሳት አይጠቀሙበት። መንጋ የሚጠብቀው ልጅና ማር ስለሌለው ብዙ ጊዜ ረጋ ያለ ነው፤ ልጆቹን ያርቁና ንብ አናቢ ያስጠሩ። ሲነድፉዎትም መርዙ መግባቱን እንዲያቆም መናደፊያውን በጥፍር ፈጥነው ይንቀሉት፤ ከንፈር ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ገላ በሙሉ ሽፍ ካለ ወይም ካዞረዎ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መሄድ ነው።

ቀፎው ለዘላለም ይቅር አላልሁም። በሚመጣው ዓመት አበባው በግቢዎ ከበዛ፣ እንቅልፍዎም ከተመለሰና ፍላጎቱ ካለዎት፣ መጀመሪያ አንድ ሙሉ ዓመት ከልምድ ካለው ንብ አናቢ ጋር ይዋሉ፤ በወይራ ጭስ ቀፎ ሲታጠን፣ በክረምት ሽሮና በሶ ወይም የስኳር ውሃ ሲሰጥ፣ ማር ሲቆረጥም ለንቦቹ ስንቅ ሲተውላቸው በዓይንዎ ይዩ። ከዚያ በኋላ ወንድምዎ ቀፎውን ይግዙልዎ።

ለአሁኑ ግን ከግራዋው ይጀመር። ግራዋ ለመትከል ገበያ መሄድ አያስፈልግም፤ ቅርንጫፉ ያለው ከሰው አጥር ላይ ነው። ስለዚህ ነገ ጠዋት ከበር ወጥተው፣ ከጎረቤትዎ አንዷን «ሁለት ዘንግ ግራዋ ቁረጪልኝ» ብለው ይጠይቋት፤ ቡና ካፈላችም ይቀመጡ።